ከእንጨት የተፈለፈለው ዝይና የሁዳዴው ዓሣ

ለጥሩዬ፣ ለቤቴ ሰው፣

አንቺ ከሄድሽ ሁለተኛው ሁዳዴ ገብቷል። የመጀመሪያውን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቀውም፤ ቤቱን ሰው ሞልቶት ነበር፣ የምቀምሰውም በሰው እጅ ነበር የሚመጣው። ይኸኛው ግን ብቻዬን አገኘኝ። እንደምን አለሽ ብዬ እንዳልጠይቅሽ መልሱን የሚያመጣልኝ የለም። እኔን ከጠየቅሽ ደክሞኛል። ታመምክ ወይ ሲሉኝ ደክሞኝ ነው እላለሁ፣ አያምኑኝም። ጠዋት ጫማዬን ላስር ጎንበስ ስል መልሶ ቀና ማለቱ ያሳስበኛል።

ጽሕፈቴን እያየሽ አትሳቂ። የቤቱን ደብዳቤ የምትጽፊው አንቺ፣ ታች የምፈርመው እኔ ነበርኩ። አሰብ ላይ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ሲሰጡኝ ከሁሉ በላይ ያጨበጨብሽው አንቺ ነሽ፤ ከዚያ ወዲህ ግን እስክሪብቶ ለፊርማ እንጂ ለሌላ ይዤ አላውቅም። ምሕረት፣ «አባዬ፣ አንተ ተናገር፣ ስልኩ ይጽፍልሃል» ብላኝ ነበር። ሚስቴን በማሽን አላናግርም አልኳት። ስለዚህ ፊደሉ ዶሮ የጫረው ቢመስልም የእኔው እጅ ነው። ብትስቂም ሳቂ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ሰፈራችን ኮሊንግዉድም ያው ነው፤ ሊፍቱ አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን ያኮርፋል። መስኮቱ ሥር ያለው ጤና አዳምሽ ደርቆብኝ ነበር። ውኃ አብዝተህበት ነው አሉኝ። ተውኩት፣ ከሥሩ እንደገና ቅጠል አወጣ። መጋረጃውን ልጅሽ ቀየረችው፤ ተኝቼ ሳለ ነው የቀየረችው፣ ነቅቼ ቢሆን አይሆንላትም ነበር። አልጋው ላይ አሁንም በግድግዳው በኩል ነው የምተኛው። ያንቺን ወገን ለምን እንደምተወው አትጠይቂኝ፣ እኔም አላውቀው።

ጎረቤታችን ፓድሪግ ደኅና ነው። ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል ይላል፣ አላምነውም። ዎከር የሚሉትን ባለጎማ መደገፊያ ሳይገፋ መራመድ አይችልም፣ አፉ ግን እንደ ድሮው ይሮጣል። እኔን አሁንም «ካፒቴን» ነው የሚለኝ። አሰብ ወደብ ሠርቻለሁ ያልኩት ጊዜ አንቺ፣ «ካፒቴን ሳይሆን ጆንያ ተሸካሚ ነበር» ብለሽ ብታርሚውም አልሰማሽም፤ እኔም ዝም አልኩ። ዘንድሮ የእነሱ ጾምና የእኛ ገጥሟል። አርብ በመጣ ቁጥር ዓሣ ይጠብስና በፎይል ጠቅልሎ በራችንን ያንኳኳል። ላንቺ እንደሚያመጣው ነው የሚያመጣው። እኔ እንደማልበላው ያውቃል፣ ግን ያመጣል።

ያን የዓሣ ክርክራችንን ታስታውሻለሽ ልልሽ ነበር። ምን ማስታወስ፣ የኖርነው በእሱ አይደል? አንቺ አሰብ ተወልደሽ በዓሣ ያደግሽ፣ እኔ ከወሎ ደጋ ወርጄ ጆንያ የምሸከም። በተጋባን በመጀመሪያው ሁዳዴ ዓሣ ጠብሰሽ አቀረብሽልኝ። ዓይን ያለው ነገር በሁዳዴ አይበላም ብዬ ገፋሁት። «ዓይኑን አውጥቼ ነው የጠበስኩት» አልሽኝ። ሳቄን ይዤ ሽሮ በላሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጅቡቲ በስደት ሳለንም፣ እዚህም ከመጣን በኋላ፣ በሁዳዴ ምድጃችን ላይ ሁለት ድስት ነበር። አንቺ ደም የለውም ትያለሽ፤ ጌታ ራሱ ዓሣ አብልቷል ትያለሽ። እኔ የአባቶቼን ሥርዓት እጠራለሁ። ምሕረት ስታድግ ካንቺ ጋር ወገነችና ሁለት ለአንድ ሆናችሁብኝ። ሰው ቤት ስንጠራ እንኳ ባለቤቶቹን ዳኛ እያደረግሽ ታስፈርጂብኝ ነበር። ተፈርዶብኝም አልበላሁም።

ፓድሪግ የዝዩን ነገር ያመጣ ቀን ደግሞ ባሰብኝ። እኛው ገበታ ላይ ተቀምጦ ነው ያወራው። እሱ ባደገበት በአየርላንድ ምዕራብ ዳርቻ፣ በአያቶቹ ቋንቋ በጌሊክ፣ አንድ የዝይ ዓይነትና አንድ የባሕር ዛጎል ስማቸው አንድ ነው። ብርዱ ሲገባ ዝዮቹ ይመጣሉ፣ ሲሞቅ ይሄዳሉ። ጎጆ ስትሠራ ያያት የለም፣ እንቁላሏን ያገኘ የለም። ባሕሩ ደግሞ አልፎ አልፎ ግንድ ይተፋል፤ ግንዱ ላይ ረጅም አንገት ያለው ዛጎል ተንጠልጥሎበት። ሰዎቹ ሁለቱን አገናኙና ዝዩዋ ከእንጨት ትፈለፈላለች አሉ። ከባሕር እንጨት ከወጣች ሥጋዋ ሥጋ አይደለም፣ ዓሣ ናት። ዓሣ ከሆነች በጾም ትበላለች።

ይህን የሚለው የመንደር ሰው ብቻ መስሎኝ ነበር። የተማሩትም፣ የእንስሳን ጠባይ መርምረን እንጽፋለን የሚሉትም ለብዙ መቶ ዓመታት ጽፈውታል አለን። ሥዕሉን ሳይቀር ሥለውታል፤ ዝይ እንደ ሎሚ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ። አንዱ ሊቅማ ዛጎሉን ከፍቼ ጫጩቱን ከነላባው አየሁ ብሎ መስክሯል። ኋላ መርከበኞች በስተሰሜን ጥግ በበረዶው አገር ሲዞሩ ዝዩዋን እንቁላሏን ታቅፋ አገኟት። አንቺ ጉንጭሽን በእጅሽ ደግፈሽ ስትሰሚ ቆይተሽ፣ «ታዲያ ከዚያ ወዲያ በጾም መብላቱን ተዉት?» አልሽው። «እንቁላሉን ያዩት መርከበኞች ናቸው፣ አያቴ አላየችም» አለሽ።

እኔ ዛሬ ዓሣ ያላችሁ ነገ ዝይ ትላላችሁ፣ ከነገ ወዲያ በጉም ከባሕር ወጣ ትባባላላችሁ አልኩ። አንቺ ተርጉመሽ ብትነግሪው በሳቅ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታና ስኒው ተገለበጠ። ያን ቀን እኔ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። አንቺ ግን ሳህን እያጠብሽ፣ «እነሱስ ቢያንስ ለመብላት ምክንያት ፈለጉ፣ አንተ ላለመብላት ነው የምትፈልገው» አልሽኝ።

እንግዲህ ዘንድሮ የሆነውን ልንገርሽ። ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሊፍት ውስጥ ወደቅሁ። እንዴት እንደወደቅሁ አላውቅም፤ የላይኛውን ቁጥር እያየሁ ነበር፣ ከዚያ የሰው ጫማ አየሁ። ሐኪሙ ደምህ አንሷል አለ። ሥጋ ብላ፣ እንቁላል ብላ፣ እሱም ካልሆነ ዓሣ ብላ፤ እስከ ከሰዓት በኋላ በባዶ ሆድ መዋልም አይሆንም አለ። ምሕረት ከአጠገቤ ተቀምጣ ትተረጉም ነበር። ሐኪሙ ያላለውንም ጨምራ የተረጎመች ይመስለኛል። መኪና ውስጥ ስንገባ ቁርጡን ነገረችኝ። ወይ ትበላለህ፣ ወይ ከከተማው ዳር ታርኔት እኔ ቤት ትገባለህ፣ ብቻህን አልተውህም አለችኝ።

ታርኔት ሄጄ ምን ልሁን? ቤቱ ሁሉ መንታ ነው። ባለፈው ልጠይቃት ሄጄ፣ ትንሽ ልንሸራሸር ብዬ ወጥቼ ስመለስ የሰው በር በቁልፍ ስታገል አንዲት የህንድ ሴትዮ ከፈተችልኝ። እግዜር ይስጣት፣ ሻይ አጠጣችኝ፣ ምሕረት መጥታ እስክትወስደኝ። እዚህ ቢያንስ ሊፍቱ ሲበላሽ የሚሳደበውን ሰው በድምፁ አውቀዋለሁ። አልሄድም አልኳት። ዓሣውንም አልበላም አልኳት። ሁለቱንም እምቢ ማለት አይቻልም አለችኝ። ይቻላል፣ አየሽ እንዴት እንደሚቻል፣ አልኳት።

የንስሐ አባታችንን ልካብኝ እሳቸውም መጡ። ተቀመጡ፣ ጸለዩ፣ ከዚያ፣ «ደምሴ፣ ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ፣ እኔ ፈቅጄልሃለሁ» አሉኝ። አባቴ፣ እኔ እኮ አልጠየቅሁም አልኳቸው። ትንሽ አዩኝና፣ «ያልጠየቅኸውን ነው የፈቀድኩልህ፣ ስትፈልግ አንሣው» ብለው ወጡ። ብልህ ሰው ናቸው። ተናደድኩባቸው።

ምክንያቱን ላንቺ ብቻ እነግርሻለሁ። ሃይማኖት ብቻ አልነበረም። ዓሣውን ከበላሁ ረታሽኝ ማለት ነው። ብትረቺኝም ምንም አልነበረ፤ ግን ረታሁህ ብለሽ እጅሽን ወገብሽ ላይ የምታደርጊው፣ ለሰው ሁሉ ደውለሽ የምትናገሪው የታለሽ? ከማን ጋር ተከራክሬ፣ ለማን እሸነፋለሁ? እምቢ ስል ግን አንቺ ማዶ የቆምሽ ይመስለኛል። ስለዚህ እምቢ አልኩ። ፓድሪግ የሚያመጣውን ዓሣ ተቀብዬ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ምሕረት ስትመጣ ትወስደዋለች። ቢያንስ እሷ ትብላው እል ነበር፣ ያንቺ ወገን ናትና።

ከዚያ ብርቱ ማዕበል የነፈሰበት ሳምንት መጣ። መስኮቱ ሌሊቱን ሲያፏጭ አደረ። በማግስቱ ምሕረት ስልኳ ላይ ሥዕል አየች። ከጂሎንግ ከተማ ወዲያ ባለው ክፍት ባሕር ዳር ትልቅ ግንድ ተተፍቷል፣ ላዩን ዛጎል ወርሶታል። ለፓድሪግ ብታሳየው ስልኩን ከእጇ ተቀብሎ ዓይኑ ሥር አድርጎ ያዘው፣ አልመልስ አለ። ልጅ ሳለ በአባቱ እጅ ተይዞ ካየው ወዲህ አይቶት አያውቅም። «ካፒቴን፣ ሳልሞት ዝዮቼን አሳየኝ» አለኝ። እኔ ምን መኪና አለኝ? እሷን ነው በእኔ በኩል የለመነው። ምሕረት ትሩጋኒና የሚባል ሰፈር ባለ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ሺፍት ሠርታ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሳትተኛ ሁለት ሽማግሌ ጭና ነዳች። ወደኋላ ዞራ ስታናግረን ፊቷ ገርጥቶ አየሁት። የሌሊት ሥራ ነው ብዬ አለፍኩት።

ዎከሩ አሸዋ ላይ አልሄድ ስላለ ሰውዬውን ግራና ቀኝ ደግፈን ወሰድነው። ግንዱ ከጀልባ ይረዝማል። ከዳር እስከ ዳር እንጨቱ አይታይም። እያንዳንዱ ጥቁር አንገት አለው፣ እንደ ጎማ የሚለጠጥ፤ ጫፉ ላይ ነጭ ዛጎል እንደ ምንቃር ገጥሟል። ገሚሱ ሞቶ መሽተት ጀምሯል። ውኃው የሚደርስበት በኩል ያለው ግን በሕይወት አለ፤ ምንቃሩን ከፈት ያደርግና ከውስጡ እንደ ላባ ያለ ነገር ብቅ ብሎ ይዘረጋል፣ ይታጠፋል፣ ይመለሳል። ፓድሪግ ቆቡን አወለቀ። በአገሩ ቋንቋ አንዲት ቃል ተናገረ። ምን አልክ ስለው፣ «ስሙን ጠራሁት» አለኝ።

እኔም ተጠጋሁ። ጥሩዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሳልሰማ መጥቼ ቢሆን ወፍ ነው እል ነበር። በነዚያ ሊቃውንት ስስቅ ኖሬ እፊታቸው የቆምኩ ያህል አፈርኩ። ዝዩዋ የት ከርማ እንደምትመለስ ያየ አልነበረም። ሰው ደግሞ የት ሄደች የሚለውን ባዶ መተው አይችልም፤ ባገኘው ነገር ይሞላዋል። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሁሉ አንቺ ያለሽበትን ሲነግሩኝ ነው የከረሙት። አንዱ በአብርሃም እቅፍ ናት ይለኛል፣ አንዷ ከላይ ሆና ታይሃለች ትለኛለች። አሜን እላለሁ፤ ደግሞም አምናለሁ። ግን አላየሁም። አይቼ መጣሁ የሚል አንድ መርከበኛ ቢገኝ ጫማውን እስመው ነበር።

ነፋሱ ሲበረታ ከድንጋዩ ጥግ ተቀመጥን። ቅዳሜ ስለሆነ ከጥሉላት በቀር እህል የሚከለክለን የለም። ፓድሪግ የዓሣውን ፎይል ፈታ። ምሕረት የምሳ ዕቃዋን ከፈተች፤ ምስር ወጥና ዳቦ ነው። ፓድሪግ ዓሣውን ሲያቀርብላት በእንግሊዝኛ አመስግና መለሰችለት። እኔም እጇን አየሁ። ዳቦውን ስትቆርስ አጥንቱ ይታይ ነበር።

ያ ፓድሪግ የሚሰጠኝን ዓሣ የት ነው የምታደርጊው አልኳት።

«ኢትስ ፋይን፣ ዳድ» አለች።

የት ነው የምታደርጊው ነው ያልኩሽ።

«ለሥራ ሰዎች እሰጠዋለሁ።»

ከመቼ ጀምሮ?

«ካምና ጀምሮ።» ከዚያ ሁሉንም በአማርኛ አወረደችው። ታውቂያታለሽ፣ አማርኛውን የምታወጣው ሲብስባት ነው። «እማዬ እያለች እኛ ሁለት ነበርን፣ አንተ አንድ። ሳቅ ነበረው። እሷ ከሄደች በኋላ እኔ ማዶ ሆኜ አንተ ብቻህን ሽሮ ስትበላ ማየት ከበደኝ። ወደ አንተ መጣሁ። አንተም ወገን ይኑርህ ብዬ ነው።»

ሌሊቱን በሙሉ ቆመሽ እየሠራሽ፣ በምስር ብቻ፣ ትወድቂያለሽ አልኳት።

«አንተስ ሊፍት ውስጥ አልወደቅክም?»

ጉዳዩ የገባው ባይሆንም ፓድሪግ ማኘኩን አቆመ። እንዲህ አድርገሽ አሳድገሻታል፤ ግማሿ አንቺ ናት፣ ግማሿ የእኔ እልህ። ብይ ብላት አንተስ ትለኛለች። ተይ ብላት አንተ ተው ትለኛለች። እኔ እልሄን ይዤ ማዶ ከቆምሽው ካንቺ ጋር ስነጋገር፣ ልጄ እዚህ በቁሟ ትደክማለች። የሞተችውን ይዤ ያለችውን ላጣ ነበር።

ተነሥቼ ፊቴን ወደ ባሕሩ አዞርኩ፣ አማተብኩ። አባታችን የሰጡኝን ፈቃድ አነሣሁት። ከፎይሉ አንድ ቁራጭ አንሥቼ ለሁለት ከፈልኩና ግማሹን በላሁ። ቀዝቅዟል፣ ጨው በዝቶበታል፤ ሰውዬው ዓሣ መጥበስ አያውቅም፣ ይህን ሁሉ ዘመን ይሉኝታ ይዞሽ ነው የበላሽለት። ሌላውን ግማሽ ወደ ምሕረት አፍ አቀረብኩ። ከዚያ እንደ ልጅነቷ ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች። እሾህ አለው፣ ተጠንቀቂ አልኳት። ዓይኗን ስትገልጥ እንባ ሞልቶት ነበር። ሁለተኛውን ቁራጭ ራሷ አነሣች፣ ሦስተኛውንም፤ ርቧት ኖሯል።

ፓድሪግ ሆዬ ዝዩ ያሳመነኝ መስሎታል። «ሚሲስህ ይህን ማየት ነበረባት፣ በመጨረሻ ካፒቴኑን መለስነው» አለ፣ ዓይኑን እየጠረገ። እስከ ዛሬ ድረስ ለሕንጻው ሰው ሁሉ፣ «ግንዱ ድረስ ወስጄ ባሳየው ጊዜ ግትሩ አበሻ እጁን ሰጠ» እያለ ያወራል። አላረምኩትም። አገሩን ትቶ የመጣ ሽማግሌ ነው፣ አንድ ሰው አሳምኖ ይሙት።

ቤት ስገባ ለንስሐ አባታችን ደወልኩ። እሷስ፣ ልጅቷስ፣ አልኳቸው። ለእሷም ፈቀዱላት። ለእኔ ግን፣ «ዘገየህ» ብቻ ነው ያሉኝ።

ታርኔት አልሄድኩም። ስምምነት አድርገናል። ምሕረት በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ ስትወጣ እኔ ጋ ትመጣለች፣ እበላለሁ፣ ስበላ ታያለች፣ እኔም እሷን አያለሁ። ከዚያ ሶፋው ላይ ትተኛለች፣ እኔ ቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍቼ እቀመጣለሁ። ፊቷ መለስ ብሏል። የእኔ ድካም ግን እንዳለ ነው፤ ዓሣ የሚያነሣው ድካም አይደለም። ደረጃውን ስወጣ አንዳንዴ መሐል ላይ ቆሜ አንቺ ከኋላዬ ዕቃ ይዘሽ የምትመጪ ይመስለኛል፣ እጠብቃለሁ። ከዚያ ጉልበቴ ሲያርፍ እወጣለሁ።

ስምሽን በየቅዳሴው አስጠራለሁ፣ እሱን መቼም አትጠራጠሪውም። አንድ ሌላ ቃል ልጨምርልሽ። ከእንግዲህ በሁዳዴ ዓሣው ሲቀርብ፣ እጄን ከመዘርጋቴ በፊት፣ አይበላም እላለሁ። ምሕረት ትስቃለች፣ ፓድሪግ ምን አለ ብሎ ይጠይቃል፣ እኔም እበላለሁ። ግን ይህችን ቃል በየዓመቱ እላታለሁ፣ እስክሞት አልተዋትም። አይበላም ስል አንቺ የምትመልሺልኝን እሰማለሁና።

ባልሽ፣
ደምሴ